በደሴ መንገድ የኖሩ ሞተሮች፦ የመለዋወጫ ፍለጋና የጥገና ታሪክ ከጣርማ በር እስከ ባቲ

አሮጌ ኦቶሞቢል ወይም ካሚዮን አድሶ እንደገና በራሱ ሞተር እንዲሄድ ለማድረግ የተነሣ ሰው ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚገጥመው ጥያቄ «መለዋወጫውን ከየት አገኛለሁ?» የሚለው ነው። ብዙዎቻችን ይህን ጥያቄ እንደ አዲስ እንቆጥረዋለን፤ መልሱንም ከባሕር ማዶ እንጠብቃለን። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ይኸው ጥያቄ ከ80 ዓመት በላይ ሲጠየቅ ኖሯል። የተሰጡትም መልሶች ብዙዎች ናቸው፤ ዳሩ ግን በጽሑፍ ስላልሰፈሩ በአሮጌዎቹ ሞተሮች ሆድና በጥቂት አረጋውያን መካኒኮች ትዝታ ውስጥ ብቻ ይገኛሉ። የመጽሔታችን አዘጋጆች ስለ አሮጌ ተሽከርካሪዎች እድሳት እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ ከሚሴንና አካባቢዋን የመረጥሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ከሚሴ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ነው። ከደቡብ የሚመጣ ተሽከርካሪ ከደብረ ብርሃን ብርዳም ሜዳ ተነሥቶ፣ ከ3,100 ሜትር በላይ በሆነው ከፍታ ላይ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ በደብረ ሲና በኩል እየተጠማዘዘ ወደ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ መኪናው ሃምሳ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ 1,800 ሜትር ያህል ቁልቁል ወረደ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ አጣዬን፣ ሰንበቴንና ጨፋ ሮቢትን አልፎ፣ የቦርከናን ወንዝ ሸለቆ ተከትሎ ከሚሴ ይደርሳል። ቀጥሎ ሐርቡ፣ ኮምቦልቻ፣ በመጨረሻም ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለችው ደሴ ትመጣለች። እንግዲህ ከሚሴ ከሁለት ተራሮች መካከል ያለች የቆላ ማረፊያ ናት። ከሰሜን የሚመጣው ሹፌር ጣርማ በርን ለመውጣት፣ ከደቡብ የሚመጣው ደግሞ ደሴን ለመውጣት ሞተሩን የሚያይባት ቦታ ሆና ኖራለች።

ይህ የመልክዐ ምድር ጉዳይ ለሞተር ምን ማለት እንደሆነ ለሙያ ባልደረቦች በዝርዝር ማስረዳት አያስፈልግም። ይሁን እንጂ ጥቂት ቁጥሮችን ማስታወስ ይጠቅማል። በጣርማ በር ከፍታ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 68 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በከሚሴ ደግሞ 84 በመቶ ገደማ ይሆናል። ውኃ በጣርማ በር 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሲፈላ፣ በከሚሴ 95 ዲግሪ ላይ ይፈላል። የቀድሞዎቹ ካሚዮኖች ራዲያተር እንደ ዛሬው ግፊት የሚይዝ ክዳን ስላልነበረው፣ ከቆላው ሙቀት ተነሥቶ ሙሉ ጭነት ተሸክሞ አቀበቱን የሚወጣ ሞተር ውኃው የሚፈላው ገና አፋፉ ላይ ሳይደርስ ነው። የናፍጣ ፓምፑም በቆላ የተስተካከለውን ያህል ነዳጅ በደጋ ስለሚልክ፣ የሚያቃጥለው አየር ሲያንስ ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ ያልተቃጠለው ናፍጣ በፋሻዎቹ መካከል እየሾለከ የሞተር ዘይቱን ያቀጥነዋል። በቀጠነ ዘይት የሚሠራ ብሮንዚና ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው። ስለዚህ በዚህ መንገድ ላይ የሠራ ማናቸውም አሮጌ ሞተር ሲፈታ የሚታዩት ሦስቱ በሽታዎች፣ ይኸውም የተጣመመ ቴስታታ፣ የተበላ ብሮንዚናና የተቃጠለ ጓርኒሲዮን፣ የአጋጣሚ ውጤቶች አይደሉም።

የመጀመሪያዎቹ ኦቶሞቢሎች በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ መድረሳቸው ይታወቃል። የወሎ መንገድ ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት የበቅሎና የግመል መንገድ ነበረ። ሞተር በብዛት የመጣበት በጦርነት ነው። የጣሊያን ጦር ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴን ከያዘ በኋላ፣ ማርሻል ባዶሊዮ ሚያዝያ 18 ቀን ከ1,600 በላይ በሆኑ ተሽከርካሪዎች የተጫነ ጦር ይዞ ወደ አዲስ አበባ ተነሣ። ይህ ሠልፍ የቦርከናን ሸለቆ አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ አርበኞች መንገዱን አፍርሰውት ስለቆየ፣ ካሚዮኖቹ መንገዱ እስኪጠገን ድረስ ተደርድረው መቆም ግድ ሆነባቸው። አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን ነው። ከዚያም በኋላ መንገዱን ለማስፋትና ዋሻውን ለመቦርቦር የብዙ ኢትዮጵያውያንና የጣሊያን ሠራተኞች ጉልበት ፈሰሰ። ደሴ መልሳ ከጣሊያን እጅ የወጣችው በ1933 ዓ.ም. ልክ በዚያው ሚያዝያ 18 ቀን ነበር። ይህ መገጣጠም ከርእሳችን ውጭ ቢሆንም ሳልጠቅሰው ማለፍ አልፈለግሁም።

በአምስቱ ዓመታት ውስጥ በዚህ መንገድ ከተመላለሱት ካሚዮኖች ሦስቱ ለእድሳት ባለሙያ ትምህርት ስለሚሰጡ ቆም ብለን እንያቸው። የመጀመሪያው ፊያት 634 ኤን ነው፤ በአገራችን ሹፌሮች አፍ «ትሬንታ ኳትሮ» ይባላል። እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ከ1931 ጀምሮ የተሠራ፣ ከ8 ሊትር በላይ የሆነ ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ያለው፣ ጉልበቱ ግን 75 ፈረስ ያህል ብቻ የነበረ ከባድ መኪና ነው። ዛሬ አንዲት መካከለኛ የቤት ኦቶሞቢል ከዚህ የሚበልጥ ጉልበት አላት። ሁለተኛው ከ1932 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጣው ላንቺያ ሮ ነው። ሞተሩ በጀርመኑ የዩንከርስ ኩባንያ ፈቃድ የተሠራ ሲሆን ሁለት ሲሊንደሮችና አራት ፒስቶኖች ብቻ ነበሩት። በእያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ ሁለት ፒስቶኖች ፊት ለፊት እየተገናኙ ስለሚሠሩ ቴስታታ የሚባል ነገር የለውም። ስለዚህም የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተቃጠለ የሚባል ችግር አያውቅም። ሌሎች ሞተሮችን መፍታት የለመደ መካኒክ ይህን ሞተር ሲያገኝ ከየት እንደሚጀምር ግራ ቢገባው አያስገርምም። ሦስተኛው ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራው ላንቺያ 3 ሮ ነው፤ 6,875 ሲሲ የሆነ ባለ አምስት ሲሊንደር ሞተር ነበረው፤ ጉልበቱም 93 ፈረስ ነው። አምስት ሲሊንደር መሆኑ በጠረጴዛ ላይ ሲታይ ቀላል ነገር ይመስላል። ሆኖም ኮሎው ሲሰበር ከሌላ መኪና የሚወሰድ ኮሎ የለም፤ ፒስቶን በስድስት ስብስብ በሚሸጥበት ገበያም አምስት የሚፈልግ ሰው ሁልጊዜ እንግዳ ነው።

የመጀመሪያው የመለዋወጫ ረኀብ የመጣው ጣሊያን ድል በተደረገችበት በ1933 ዓ.ም. ነው። የፊያትና የላንቺያ ፋብሪካዎች የሚገኙበት አገር በጦርነት ውስጥ ስለነበረ ከቱሪን አንዲት ብሎን መምጣት አልቻለችም። እንግሊዞችም ከተማረኩት ተሽከርካሪዎችና የወርክሾፕ መሣሪያዎች ብዙዎቹን ከአገር አውጥተዋል። የቀሩት ካሚዮኖች ሊኖሩ የቻሉት አንዱ ለሌላው መለዋወጫ በመሆኑ ብቻ ነው። ሁለት የተሰበሩ መኪናዎች አንድ የሚሄድ መኪና ሆኑ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ ያ አንዱ ለሌላው ተሰጠ። በአገሩ እንዲቀሩ ከተፈቀደላቸው ጣሊያናውያን ብዙዎቹ መካኒኮችና ቶርኖ ሠራተኞች ነበሩ። በእነርሱ ጋራዥ ቁልፍ ከማቀበል የጀመሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ቀስ በቀስ ሙያውን ወረሱ።

የዚህ ውርስ ጉልህ ምስክር ቋንቋው ነው። ዛሬም በከሚሴ ወይም በኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ ለአንድ ሰዓት የቆመ ሰው ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ቤላ፣ ቺንጋ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቪቴ ሲባል ይሰማል። አማርኛ ተናጋሪውም ኦሮምኛ ተናጋሪውም በእነዚህ ቃላት ይግባባል። አንዳንድ ሰዎች ይህን የቅኝ ገዢ ቃል ነው ብለው ሲያማርሩ ሰምቻለሁ። በበኩሌ አልስማማም። ቃሉ የቀረው ሥራው በእኛ እጅ ስለቀረ ነው። ለእድሳት ባለሙያም ቀጥተኛ ጥቅም አለው፤ በጣሊያንኛ የተጻፈ የመለዋወጫ ካታሎግ ሲያገኝ፣ እንግሊዝኛ ብቻ ከተማረው መሐንዲስ ይልቅ በጋራዥ ያደገው መካኒክ ፈጥኖ ያነበዋል።

ከ1940ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነገሩ ተለወጠ። ፊያት 682 የተባለውን ካሚዮን በ1952 እ.ኤ.አ. መሥራት ጀመረ። ኋላ የወጣው ኤን 3 የተባለው ዓይነት በአገራችን «ኤንትሬ» ተብሎ ታወቀ። ጣሊያኖች «የአፍሪካ ንጉሥ» የሚል ቅጽል ያወጡለት ይህ መኪና መሪው በቀኝ በኩል ነበረ። ይህም በተራራ መንገድ ላይ ሹፌሩ የገደሉን አፋፍ እያየ እንዲነዳ የታሰበ የጣሊያን ከባድ መኪናዎች ልማድ ነው። በጣርማ በር ጠመዝማዛ የነዱ ሰዎች ጥቅሙን ያውቁታል። በዚያን ጊዜ የአዋሽና የሚሌ መንገድ ገና ስላልተሠራ፣ ከአሰብ ወደብ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ጭነት በባቲ በኩል ኮምቦልቻ ወጥቶ፣ ከሚሴን አቋርጦ ነበር የሚያልፈው። የሰኞ ገበያዋ በግመልና በከብት የታወቀችው ባቲ እንዲህ ለሞተርም የግድ መተላለፊያ ሆነች። በ1960 ዓ.ም. ዋዜማ የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ሥራ ሲጀምር ምልልሱ ይበልጥ በረታ።

ኤንትሬ ይህን ያህል ዘመን ሊኖር የቻለው ስለ ጥንካሬው ብቻ አይደለም። ጥንካሬውን ማንም አይክደውም፤ ነገር ግን ዋናው ምክንያት ብዛቱ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ዓይነት መኪና በብዛት በአንድ መንገድ ላይ ሲኖር ሞተሩን በቃሉ የሚያውቅ መካኒክ፣ መለኪያውን በእጁ የያዘ ቶርኖ ቤት፣ የወደቀውንም ፈትቶ የሚሸጥ ነጋዴ አብረው ይፈጠራሉ። በአዲስ አበባ መርካቶ የሶማሌ ተራና የምናለሽ ተራ የቆዩት በዚህ ሕግ ነው። ቮልስም እንዲሁ ነው፤ ፋብሪካው እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ በሜክሲኮ ይሠራት ስለነበረ የቮልስ አዳሽ ዛሬም መለዋወጫ አይቸግረውም። የላንቺያ 3 ሮ አዳሽ ግን ብቻውን ነው።

ሁለተኛው ረኀብ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ መጣ። የውጭ ምንዛሪ ቁጥጥሩ ሲጠብቅና ከቀሩት የውጭ አገር ተወላጅ የጋራዥ ባለቤቶች ብዙዎቹ አገሩን ለቀው ሲሄዱ፣ የአዲስ ፒስቶንና የብሮንዚና አቅርቦት ቀነሰ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ግን ባቲን ጨምሮ በወሎ መጠለያዎች ለተሰበሰበው ሕዝብ እህል የሚደርሰው በዚሁ መንገድ ስለነበረ ካሚዮን ቆሞ መዋል አይችልም ነበር። በኮምቦልቻና በደሴ ያሉ ቶርኖ ቤቶች ከማስተካከል ወደ መሥራት የተሸጋገሩት በእነዚህ ሁለት አሥርታት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ስለዚህ የእጅ ሥራ ጥቂት ማለት ይገባል፤ ዛሬ የሚሠራው ሰው እጅግ አነስተኛ ሆኗልና። በአሮጌዎቹ ሞተሮች ብሮንዚና እንደ ዛሬው ተገዝቶ የሚገጠም ስስ ቅርፊት ሳይሆን በቤላው ላይ በቀጥታ የሚፈስ ነጭ ብረት ነበር። ነጩ ብረት በአብዛኛው ቆርቆሮ (እስታኞ) ሆኖ ጥቂት አንቲሞንና መዳብ የተቀላቀለበት ነው። መካኒኩ አሮጌውን ብረት አቅልጦ ካወጣ በኋላ ቤላውን በአሲድ ያጸዳል፤ አሙቆም እስታኞ ይቀባዋል። ይህ ቅብ ካልያዘ የሚፈሰው ብረት በሺህ ኪሎ ሜትር ውስጥ ይላቀቃል። ከዚያ ልኩን በያዘ ቅርጽ ውስጥ ነጩ ብረት ይፈስሳል። ቀዝቅዞ በቶርኖ ከተቦረቦረ በኋላ ኮሎው ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ በላዩ ይሽከረከራል፤ ቀለሙ የነካው ቦታ በመፋቂያ ይፋቃል፤ እንደገና ይቀባል፤ እንደገና ይፋቃል። አንድ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር በዚህ ዓይነት ሲስተካከል ቀናት ይፈጃል። የሙቀቱ መጠን በመለኪያ ሳይሆን ቀጭን እንጨት ብረቱ ውስጥ ነክሮ የጠቆረበትን ፍጥነት በማየት ይለይ ነበር። ይህን ያየሁት በወጣትነቴ ስለሆነ በዚያን ጊዜ እንደ ኋላ ቀርነት ቆጥሬው ነበር።

የእጅ ጥበብ ወሰን እንዳለውም መደበቅ አይገባም። የናፍጣ ፓምፕ ውስጥ ያለው ትንሽ ፒስቶን ከሲሊንደሩ ጋር ያለው ልዩነት በሺኛ ሚሊ ሜትር የሚቆጠር ስለሆነ በቶርኖ አይሠራም። ለዓመታት የቆመ ፓምፕ ውስጥ ውኃ የተቀላቀለ ናፍጣ ከቀረ ይህ ክፍል ዝጎ ይያዛል፤ ከዚያ በኋላ መተካት እንጂ መጠገን የለም። የእድሳት ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። መፍትሔው በፓምፑ ላይ በተለጠፈችው የናስ ሳህን የተጻፈውን ቁጥር በጥንቃቄ መገልበጥና በዚያ ቁጥር መፈለግ ነው። ሳህኗን ቀለም ቀብተው የሚሸፍኑ፣ ይባስም ብለው ነቅለው የሚጥሉ ሰዎች ለቀጣዩ አዳሽ ምን ያህል መከራ እንደሚያወርሱ አይገነዘቡም።

ስለ ፍለጋው ዘዴ ከልምድ የተገኘውን ላካፍል። መለዋወጫ በመኪናው ስም መፈለግ ከሁሉ የባሰ መንገድ ነው። ፊያት 682 ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲሠራ ሞተሩ ከአንድ ጊዜ በላይ ተለዋውጧል፤ ስለዚህ «የ682 ፒስቶን» ብሎ የሚያዝ ሰው ምን እንደሚመጣለት አያውቅም። በልክ መፈለግ ይሻላል። የኩሽኔታ ቁጥር በዓለም ሁሉ አንድ ነው፤ 6205 የተጻፈበት ኩሽኔታ የትኛውም አገር ይሠራው፣ የውስጡ ቀዳዳ 25፣ የውጭው ስፋት 52፣ ውፍረቱም 15 ሚሊ ሜትር ነው። ለካሚዮን ተብሎ በሺህ ብር የሚጠየቅበት ኩሽኔታ ለወፍጮ ቤት በሩብ ዋጋ ሊገኝ ይችላል። ዘይት ማገጃው ፓራኦሊዮም በሦስት ልኮች ይገዛል። ፒስቶን ቢሆን የሲሊንደሩን ስፋት፣ የስፒናውን ውፍረትና ከስፒናው መሐል እስከ ፒስቶኑ ራስ ያለውን ቁመት የያዘ ሰው ከእርሻ ትራክተር ወይም ከውኃ ፓምፕ ሞተር ተስማሚ ያገኛል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። የጣሊያን መኪናዎች ብሎን በሚሊ ሜትር የተቆረጠ ሲሆን ከ1933 ዓ.ም. በኋላ የመጡት የእንግሊዝና የአሜሪካ ካሚዮኖች በኢንች ነበሩ። በችግር ጊዜ አንዱ በሌላው ቀዳዳ ውስጥ በኃይል ስለተጠመዘዘ፣ ብሎኑን ከመፍታት በፊት ጥርሱን መለካት ያስፈልጋል።

ለረጅም ጊዜ ቆሞ የተያዘ ሞተርን በሌላ መኪና ጎትቶ ለማስነሣት መሞከርም ቤላ ያጣምማል። በየሲሊንደሩ ናፍጣና ቀጭን ዘይት ቀላቅሎ አፍስሶ ለቀናት መታገሥ፣ ከዚያም ቮላኖውን በብረት ዘንግ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በጥቂት በጥቂቱ ማወዛወዝ ይሻላል። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ የታመመውን ሲሊንደር ለማወቅ የናፍጣ ቱቦዎቹን ብሎን አንድ በአንድ ማላላት በቂ ነው፤ ሲላላ ድምፁ የማይለወጠው እርሱ ነው። ረጅም ካቻቪቴ ጆሮአቸው ላይ አስደግፈው ከዚህ የበለጠ የሚያውቁ ሰዎች አሉ።

ከእነዚህ ሰዎች አንዱን ያገኘሁት ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ከሚሴ አጠገብ በአንድ ግቢ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ቆሞ የኖረ የኤንትሬ ሞተር ፈታን። ከመፍታታችን በፊት አሁን የነቀፍሁትን ስሕተት ራሴ ፈጽሜ ነበር፤ ፒስቶን በመኪናው ስም ከውጭ አስመጥቼ፣ የመጣው ለሌላ ዓይነት ሞተር ሆኖ ተገኘ። ቴስታታውን ስናነሣ ከስድስቱ ፒስቶኖች አራቱ የፋብሪካው ሲሆኑ ሁለቱ የሌላ ሠሪ መሆናቸውን አየን። ሁለቱን ለመጣል ወስነን ጠረጴዛ ላይ ስናስቀምጥ፣ በውስጣቸው በኩል በሞረድ የተፋቀ ምልክት ታየን። በሚዛን ስናስቀምጣቸው በስድስቱ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ግራም ብቻ ነበር። ይህን የሠራው ሰው የተለያየ ክብደት ያላቸው ፒስቶኖች ሞተሩን እንደሚያንቀጠቅጡና ኮሎውን እንደሚሰብሩ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

በዚያ መንገድ ላይ ብዙ ዘመን የሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ተጠርተው መጡና ፒስቶኑን ገልብጠው አዩት። «ጋሼ፣ ይህን በምን መዝነው ነው የሠሩት?» አልናቸው። «በሱቅ ሚዛን ነዋ!» አሉን። «ስኳር በሚመዘንበት ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን፣ የፋብሪካውን በአንዱ፣ ያኛውን በሌላው አድርጎ እስኪተካከል መፋቅ ነው። ልጆቼ፣ ስድስቱንም አንድ ዓይነት የሚያገኝ ማን ነበረ? የተገኘውን አመጣን፤ ሚዛኑን ግን አልበደልንም።» ባለሱቁ ስኳር የሚገዛ ሰው እያስጠበቀ ሚዛኑን ስለማበደሩም ሲናገሩ ሳቁ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ እድሳት ያለኝ አስተያየት ተለውጧል። ቀድሞ እድሳት ማለት መኪናውን ከፋብሪካ በወጣበት ቀን ወደነበረው መልክ መመለስ ይመስለኝ ነበር። ይህ አስተያየት ለምሳሌ ለሮልስ ሮይስ ይስማማል፤ የእያንዳንዱ ሻሲ ታሪክ ከፋብሪካው ጀምሮ በመዝገብ ስለተያዘ ምን እንደነበረና ምን እንደተለወጠ በወረቀት ይታያል። የደሴ መንገድ ካሚዮን ግን ወረቀት የለውም። የጋራዥ ደብተር ቢኖር እንኳ ከአብዮቱ፣ ከጋራዦች መዘጋትና በ2014 ዓ.ም. ደሴን፣ ኮምቦልቻንና ከሚሴን ካዳረሰው ጦርነት የሚተርፈው ምን ያህል ነው? ያለው ማስረጃ የተፋቀው ፒስቶን፣ ከሌላ ሞተር የተቆረጠው ስሊቭ፣ በላሜራ የተለበጠው ጓርኒሲዮን ነው። እነዚህን አውጥተን ጥለን አዲስ ስንገጥም አንድ ካሚዮን እናድሳለን፤ የአንድ ሙያ መዝገብ ግን እናቃጥላለን።

ይህ የእኔ ብቻ ሐሳብ አይደለም። በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን፣ ፊቫ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. የቱሪን ቻርተር የተባለውን ሰነድ አጽድቋል። ሰነዱ ከማደስ ይልቅ መጠበቅን ያስቀድማል፤ በተሽከርካሪው ዕድሜ ውስጥ የተደረጉ ለውጦችም የታሪኩ አካል ስለሆኑ እንዲከበሩ፣ አዲስ የሚገቡ ክፍሎችም ተለይተው እንዲታወቁ ይጠይቃል። ስለ እጅ ጥበብ ደግሞ ከጎረቤታችን ከኤርትራ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በጦርነት የፈረሰውን የምጽዋና የአስመራ ባቡር መንገድ ከነጻነት በኋላ መልሰው ያቆሙት ጡረታ የወጡ አሮጌ ሠራተኞች ናቸው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩትን ባቡሮች በዚያው ዘመን በነበሩ መሣሪያዎች እየጠገኑ በ2003 እ.ኤ.አ. መስመሩን አስመራ አደረሱት። ሽማግሌዎቹ አሥር ዓመት ዘግይተው ቢጠሩ ኖሮ ሥራው አይታሰብም ነበር።

ለእኛም ጊዜው ጠባብ ነው። አሰብ ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ጀምሮ ስለተዘጋ የባቲ መንገድ የቀድሞውን ምልልስ አጥቷል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መታገዱም ለከተማ አየር መልካም ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ሞተር ሲቀንስ ኮሎ የሚሞርድና ፓምፕ የሚያስተካክል ወርክሾፕም አብሮ መቀነሱ አይቀርም። ማኅበራችን ገንዘብ ካለው ለሙዚየም ሕንፃ ከማዋሉ በፊት አንድ የድምፅ መቅረጫና አንድ ፎቶግራፍ ማንሻ ለሁለት ወጣት ባልደረቦች ሰጥቶ ከሸዋ ሮቢት እስከ ባቲ ባሉት ጋራዦች ቢልካቸው እመርጣለሁ።

የዚያን ሞተር ነገር ልጨርስ። ስሊቮቹ ከተፈቀደው በላይ ተበልተው ስለነበረ መለወጥ ግድ ሆነ፤ በኮምቦልቻ በቶርኖ አሠራናቸው። ስሊቭ ሲለወጥ ፒስቶኖቹም ስለሚለወጡ በልክ የተፈለጉ ስድስት ፒስቶኖች አስገባን። ሁለቱን የተፋቁ ፒስቶኖች አጽድተን፣ ዘይት ቀብተን፣ የተገኙበትን ሲሊንደር ቁጥር ጽፈን ከመኪናው ጋር በሣጥን አስቀመጥን። የውኃ ፓምፑ የነሐስ ቡሽ በመዶሻ ተቀጥቅጦ የተሠራ የአገር ሥራ ቢሆንም ልኩን ጠብቆ ስላገኘነው አልነካነውም፤ አሁንም በእርሱ ይሠራል። በአዲሶቹ ስሊቮች አንገት ላይ የተሠሩበትን ዓመትና «ኮምቦልቻ» የሚለውን ቃል በፊደል ማኅተም አስመታንባቸው።